ሴለም አላበደችም

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «አሜሪካ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች፣ ሴለም በምትባል ቦታ ሰዎች ጎረቤቶቻቸውን ጠንቋይ ናችሁ እያሉ ሰቅለዋል። እንዲያ ጸሎተኛ የነበረ ሕዝብ ምን ነካው? የጅምላ እብደት ነው የሚሉ አሉ። የተበላሸ እህል በልተው ነው የሚሉም አሉ። እውነቱ የቱ ነው?»

ይህን ዘመን ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጥያቄው በየዓመቱ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥርም ደስ ይለኛል። መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ላብራራ። ሴለም አላበደችም። ፍርሃት ነበረ፣ ቂም ነበረ፣ የሚንዘፈዘፉ ልጆች ነበሩ። እነዚህ ግን በዚያው ዘመን ሌላም ቦታ ነበሩ። ሴለም ላይ ሰው ያስገደለው ችሎቱ ነው። የተከበሩ ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቃሉን በመዝገብ እያሰፈሩ የሠሩት ሥራ ነው። «እብደት» ካልነው እነሱን ነፃ አወጣናቸው ማለት ነው።

በቅድሚያ «ጠንቋይ» የሚለው ቃላችን እንዳያሳስተን። እኛ ጋ ጠንቋይ ማለት ሰው ገንዘቡን ቋጥሮ፣ ተደብቆም ቢሆን፣ ደጁን የሚጠናው ሰው ነው። የሴለም ሰዎች የፈሩት እሱን አይደለም። የፈሩት ከሰይጣን ጋር ተዋውላ፣ በመጽሐፉ ላይ ምልክቷን አኑራ፣ ራሷ ቤቷ ተቀምጣ መንፈሷ ግን እየወጣ ሰው የሚያንቅባትን፣ ላም የሚገድልባትን ሴት ነው። ለዚህ የሚቀርበው «ቡዳ» የምንለው ነው። ቡዳ የተባለ ሰው ጋ ማንም አይሄድም። ሁሉም ይሸሸዋል፣ ከልጁም ፊት ያርቀዋል። ልዩነቱ፣ በእንግሊዝ ሕግ ይህ ነገር ወንጀል ነበር። ቅጣቱም ስቅላት ነው።

አሁን ወደ ቦታው እንሂድ። ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጊዜው 1692 ነው፤ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ቦታው ማሳቹሴትስ ውስጥ «የሴለም መንደር» የሚባል የገበሬዎች ሰፈር ነው። ዛሬ ዳንቨርስ ይባላል። ወደብ ያላትና ነጋዴዎች የሚኖሩባት የሴለም ከተማ ሌላ ናት፤ መንደሩን የምታስተዳድረው ግን እሷ ነበረች። በጥር ወር የመንደሩ ፓስተር የሳሙኤል ፓሪስ ልጅ ቤቲና የእህት ልጅ ይሁን የወንድም ልጅ ተብላ እሱ ቤት የምትኖረው አቢጌል ዊልያምስ ያማቸው ጀመር። ቤቲ 9 ዓመቷ ነው፣ አቢጌል 11። ይጮኻሉ፣ ይጣመማሉ፣ ነከሱን ቆነጠጡን ይላሉ። ሐኪም ተጠርቶ መጣ። «ክፉ እጅ አርፎባቸዋል» አለ።

ፓሪስ መጀመሪያ የሄደው ወደ ዳኛ አይደለም። ጾመ፣ ጸለየ፣ ሌሎች ፓስተሮችን ጠርቶ አስጸለየ። የካቲት እስኪያልቅ ድረስ ነገሩ በጸሎት ነበር የተያዘው። የካቲት 29 ቀን ግን አራት ሰዎች ወደ ሴለም ከተማ ዳኞች ሄደው ክስ መሠረቱ። ልጆቹ አይደሉም የከሰሱት። አራት ጎልማሳ ወንዶች ናቸው። ከአራቱ አንዱ ቶማስ ፕሬስተን ይባላል። አማቱ ርብቃ ነርስ ናቸው፤ የ71 ዓመት አሮጊት፣ በጸሎታቸው የተመሰገኑ። ፕሬስተን የዚያን ቀን ሲፈርም አማቱ ሐምሌ ላይ በዚሁ ክስ እንደሚሰቀሉ በምን ያውቃል?

መጀመሪያ የተከሰሱት ሦስት ሴቶች ናቸው። ማንነታቸውን ስናይ የመንደሩን ገመና እናያለን።

ሣራ ጉድ ለማኝ ነበረች። ባልም ልጅም አላት፣ ቤት ግን የላትም። በየደጁ ትዞራለች። አንዱ ይሰጣታል፣ አንዱ እግዜር ይስጥሽ ብሎ ይመልሳታል። የተከለከለች እንደሆነ እያጉረመረመች ትሄዳለች። ከዚያ የዚያ ሰው ላም ይታመማል። ሰው ለምኖት ባዶ እጁን የመለሰ ሰው ልቡ አያርፍም። «ምን ብላ ይሆን የሄደችው?» ይላል። ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ውስጡ ያውቀዋል፤ ግን ጥፋተኛዋ እሷ ብትሆን ይቀለዋል። ዳኛው ጆን ሃቶርን ይህንኑ ጠየቃት፤ ስትሄጂ ምን ነበር የምታጉረመርሚው? አሥርቱን ትእዛዛት ነው አለች። ኋላ ደግሞ መዝሙረ ዳዊት ነው አለች። ባሏ ዊልያም ጉድም እዚያው ችሎት ላይ፣ ሚስቱ ጠንቋይ ናት ወይም በቅርቡ ትሆናለች ብሎ እንደሚፈራ ተናገረ። ይህን ሰውዬ ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ሣራ ኦዝቦርን ታማ አልጋ የያዘች ሴት ነበረች። ከዓመት በላይ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ባሏ ሲሞት ቤቷ ይሠራ የነበረውን ሰው አግብታ መንደሩን ሲያሳማ ኖሯል። በልጆቿ ውርስም ጭቅጭቅ ነበረባት። ግንቦት ላይ እስር ቤት ሞተች።

ሦስተኛዋ ቲቱባ ናት። የፓሪስ ባሪያ ነበረች። ፓሪስ ከባርቤዶስ ያመጣት ሲሆን መዝገቡ «ህንድ» ይላታል፤ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ማለቱ ነው። ሁለቱ ሲክዱ ቲቱባ አመነች። ጥቁር የለበሰ ሰው መጣብኝ አለች። መጽሐፍ አሳየኝ፣ በመጽሐፉ ላይ ዘጠኝ ምልክት አየሁ አለች። አስቡት። የታሰሩት ሦስት ናቸው፤ ምልክቱ ዘጠኝ ነው። የቀሩት ማን ናቸው? ከዚያች ቀን ወዲህ መንደሩ የጎሪጥ መተያየት ጀመረ።

እንግዲህ ሕዝቡ ይህን ለማመን ለምን ቀረበው? ትልቁ ነገር ጦርነት ነው። ከ1689 ጀምሮ ቅኝ ገዢዎቹ ከሰሜን በኩል ዋባናኪ ከሚባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦችና ከፈረንሳዮች ጋር ይዋጉ ነበር። እየተሸነፉም ነበር። ልጆቹ በታመሙበት በዚያው ጥር ወር ዛሬ ሜይን በሚባለው አገር ያለችው ዮርክ ከተማ ተወረረች። ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ተማረከ። ቤቱ የተቃጠለበት ተፈናቃይ ወደ ሴለም አካባቢ ይጎርፋል። ኋላ እንደ ቤቲና አቢጌል ታምመው ስም ከጠሩት ልጃገረዶች አንዷ ሜርሲ ሉዊስ የጦርነቱ ወላጅ አልባ ናት። ያደገችው ሜይን ነው፣ ኋላ በየሰው ቤት አገልጋይ ሆነች። የቀድሞው የመንደሩ ፓስተር ጆርጅ ቡሮውስ ቤት ሠርታለች። ቡሮውስ በደመወዙ ጉዳይ ከመንደሩ ጋር ተጣልቶ ወደ ሜይን የሄደ ሰው ነው። ጥቃቱን ሁሉ አልፎ መትረፉ ራሱ አስጠረጠረው። ከሜይን አስይዘው አስመጡት። ነሐሴ ላይ ገመዱ ሥር ቆሞ «አባታችን ሆይ»ን አንድም ቃል ሳይስት ደገመ። ጠንቋይ ይህን አይችልም ይባል ነበር። ሕዝቡ አለቀሰ። እሱ ግን ተሰቀለ።

ሌላው የመንግሥት ጉዳይ ነው። የማሳቹሴትስ ቻርተር፣ ማለትም የራስ አስተዳደር መብታቸው የተጻፈበት ሰነድ፣ በ1684 ከለንደን ተሰርዞ ነበር። የተሾመባቸውን ገዢ በ1689 ራሳቸው አስወገዱት። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ሕጋዊ መሠረቱ ያልታወቀ አስተዳደር ነበራቸው። ስለዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ክስ ይቀርባል፣ ሰው ይታሰራል፣ ፍርድ ግን የለም። እስር ቤቱ ይሞላል። አዲሱ ገዢ ዊልያም ፊፕስ አዲሱን ቻርተር ይዞ ግንቦት አጋማሽ ላይ ሲደርስ የተከመረ ክስ ጠበቀው።

የመንደሩ ጠብም አለ። ገሚሱ ፓሪስን ይደግፋል፣ ገሚሱ ደመወዙንም ማገዶውንም ከልክሎታል። ነገሩ ውሃ ቀጠነ ዓይነት ይመስላል፤ ግን በዚያ አገር ክረምት ማገዶ ማጣት ቀልድ አይደለም። ፓሪስን የደገፉት ፑትናሞች ከከሳሾቹ ወገን ናቸው። ቶማስ ፑትናም ብቻውን ከመቶ በላይ የምስክርነት ቃል በእጁ ጽፏል። ይህን ጠብ ብቻ ይዘው ሁሉንም ሊያስረዱ የሚሞክሩ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ከሴለም መንደር ይበልጥ ሰው የተከሰሰው ራቅ ብላ ባለችው አንዶቨር ነው። አንዶቨር የፓሪስ ማገዶ ምኗም አይደለም።

ስለ እህሉ የጠየቁት ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ያምነዋል። ሐሳቡ በ1976 የቀረበ ነው። ራይ በሚባለው እህል ላይ የሚበቅል ፈንገስ ሰውን ያንዘፈዝፋል፣ የሌለ ነገርም ያሳያል ይላል። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች መልስ ሰጡበት። የፈንገሱ መርዝ ውሸት አይደለም። እኛም አገር በ1970ዎቹ መጨረሻ ወሎ ውስጥ፣ በ2001 ደግሞ አርሲ ውስጥ ሰው ጎድቷል። እጅና እግር አጥቁሮ እስከማበስበስ የሚደርስ ነው። የሚያንዘፈዝፈው ሌላ መልኩ ነው። ግን ሴለም ላይ አንድ እንጀራ ከሚቆርሱት ቤተሰብ ልጆቹ ብቻ እንዴት ይታመማሉ? የሚወድቁትስ ተከሳሿ ስትገባ፣ የሚድኑትስ እጇን ስታስነካቸው ለምን ሆነ? እህል ሰው ለይቶ አያውቅም።

ታዲያ ልጆቹ ምን ነበራቸው? አንድ መልስ አልሰጥም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበሩም። አንዳንዶቹ የእውነት የተጨነቁ ይመስለኛል። ጭንቀት ሰውነትን እንደሚያንቀጠቅጥ የታወቀ ነው። ሌሎቹ ካዩት ወሰዱ። አውቀው ያደረጉም አሉ። የማይረሳው ግን እነማን እንደነበሩ ነው። ልጃገረዶች፣ አገልጋዮች፣ ወላጅ አልባዎች። በቤቱ ውስጥ የመጨረሻ ቦታ ያላቸው፣ ዝም በሉ የሚባሉ ናቸው። አሁን ዳኛና ፓስተር አፋቸውን ይጠብቃል።

የሜሪ ዋረንን ነገር ልንገራችሁ። የጆን ፕሮክተር አገልጋይ ነበረች። እሷም መውደቅ ስትጀምር ፕሮክተር ፈትል ላይ አስቀመጣትና ብትነሺ እገርፍሻለሁ አላት። በሽታው ተዋት። እሱ ዞር ሲል ተመለሰባት። ኋላ ተሻላት። ሌሎቹም እያስመሰሉ ነው ብላ ተናገረች። ያኔ ከሳሽ የነበረችው ልጅ በተራዋ ተከሳሽ ሆነች። እሷ ስትገባ ጓደኞቿ መሬት ላይ ወደቁ። ጥቂት ሰነበተችና ቃሏን ለውጣ ወደ ከሳሾቹ ተመለሰች። በጌታዋም ላይ መሰከረች። አንዲት የሃያ ዓመት አገልጋይ ሌላ ምን በር ነበራት? እውነቱን ተናግራ አይታዋለች።

እዚህ ላይ የእኛን ሌባ ሻይ ሳላስታውስ አላልፍም። ልጁ መድኃኒቱን ጠጥቶ፣ ራሱን ስቶ፣ እየተመራ ይሄድና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ ይከፍላል። ቡዳ በላው የተባለ በሽተኛም በጭስ ታጥኖ ሲለፈልፍ የተናገረው ስም ይያዛል። ስሙ የሚጠራው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀጥቃጭ ነው፣ ሸክላ ሠሪ ነው፣ ቤተ እስራኤል ነው። ሁለቱም ላይ ክሱን ያመጣው የልጁ ወይም የታማሚው አፍ ነው። ያንን አፍ ማስረጃ ያደረጉት ግን ዙሪያውን የቆሙት ሽማግሎች ናቸው።

ወደ ችሎቱ ልመለስ፤ የነገሩ እምብርት እዚህ ነው። ልዩ ፍርድ ቤት በግንቦት መጨረሻ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ዊልያም ስቶተን ነበር። ፍርድ ቤቱ «የአምሳያ ማስረጃ» ልንለው የምንችለውን ተቀበለ። ልጅቱ «የእመት እገሊት አምሳያ መጥቶ አነቀኝ» ትላለች። አምሳያውን ከእሷ በቀር የሚያየው የለም። እመት እገሊት ያን ሰዓት ቤቷ ተኝታ እንደነበር ባሏ ቢምል አይጠቅማትም። አካሏ እኮ ቤቷ ነበር፤ የመጣው መንፈሷ ነው። ይህን ክስ በምን ታፈርሱታላችሁ? የሰይጣን ኃይል በንጹሕ ሰው አምሳል ሊመጣ ይችላል ብለው ፓስተሮች አስጠንቅቀው ነበር። ስቶተን አልሰማም።

ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ ይብሳል። ያመነ ተረፈ፣ የካደ ተሰቀለ። ያመነ ሰው ለምስክርነት ይፈለጋል፤ ስለዚህ ይቆያል። ግን ማመን ብቻውን አይበቃም። ከማን ጋር ነበርሽ ይባላል። ስም ይጠራል። የተጠራው ይታሰራል፤ እሱም ለመትረፍ ሌላ ስም ይጠራል። ከሃምሳ የማያንሱ ሰዎች አመኑ። ሳሙኤል ዋርድዌል አምኖ ነበር፤ ኋላ ዋሽቻለሁ ብሎ ቃሉን አነሳ። ተሰቀለ። ከእብደት ይልቅ ይህ ወፍጮ ይመስለኛል፤ እህሉን ራሱ የሚያመጣ ወፍጮ።

የርብቃ ነርስን ችሎት ሳስተምር ሁልጊዜ እዘገያለሁ። 39 ጎረቤቶች ፈርመውላቸዋል። የፍርድ ሸንጎው፣ ማለትም ከሕዝቡ ተመርጠው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት ሰዎች፣ መጀመሪያ ነፃ ናቸው አለ። ልጆቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት። ስቶተን ሸንጎውን፣ ሴትዮዋ ስለ አንዲት ያመነች እስረኛ «እሷ እኮ ከእኛ ነበረች» ማለታቸውን አስባችሁታል? አላቸው። ሰዎቹ ተመልሰው ምን ማለትዎ ነው ብለው ጠየቋቸው። አልመለሱም። ዝምታቸው እንደ ጥፋት ተቆጠረና ተፈረደባቸው። በኋላ አሮጊቷ ገለጹ። ጆሯቸው ደካማ ነው፣ ልባቸውም በሐዘን ተሞልቶ ነበር፤ ጥያቄውን አልሰሙትም። «ከእኛ» ያሉትም አብራን የታሰረች ለማለት ነው። ሐምሌ 19 ቀን ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር ተሰቀሉ።

በጠቅላላው 19 ሰው ተሰቀለ፤ 14 ሴትና 5 ወንድ። ሴቱ ለምን በዛ ካሉ፣ በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ሴት ለሰይጣን ቅርብ ናት ይባል ነበር፤ ወንድ የሌለባት ባለ ርስት ሴት ደግሞ ይበልጥ ትጠረጠር ነበር። ሰማንያ ዓመት ገደማ የሆነው ጋይልስ ኮሪ በዚህ ችሎት ለመዳኘት እሺ ስላላለ ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ። አምስት የማያንሱ እስር ቤት አለቁ። ከ150 በላይ ታሰሩ። ፕሮክተር ቤት የሸሪፉ ሰዎች ገብተው ንብረቱን ሲወስዱ፣ ድስት ላይ የነበረውን ሾርባ ደፍተው ድስቱን እንደወሰዱ በዘመኑ የኖረ የቦስተን ነጋዴ ጽፎታል። ለልጆቹ የቀረ ነገር የለም ይላል።

ችሎቱ ነው ያልኩበትን ምክንያት አሁን ላሳይ። በዚያው በ1692 በጎረቤት ቅኝ ግዛት በኮኔቲከት፣ ስታምፎርድ ላይ፣ ካትሪን ብራንች የምትባል አገልጋይ እንደ ሴለም ልጆች መውደቅ ጀመረች። እሷም ስም ጠራች። ሕዝቡ ያው ሃይማኖት፣ ያው ፍርሃት፣ ያው ጦርነት ያለበት ነው። ግን ዳኞቹ አልቸኮሉም። የፓስተሮችን ምክር ጠየቁ፤ ምክሩንም ሰሙ። ኤልሳቤጥ ክላውሰን ለተባለችው ተከሳሽ 76 ጎረቤቶች ፈረሙላት። ነፃ ወጣች። አንዲት ሌላ ሴት ተፈርዶባት ነበር፤ ፍርዱ ሳይፈጸም ቀረ። አንድም ሰው አልተሰቀለም።

ሴለም ራሷም ምስክር ናት። ክሱ ወደ ላይ እየወጣ የገዢው የፊፕስ ሚስት ስም ድረስ ደረሰ። ፓስተሮችም ጠንከር አድርገው ተናገሩ። ፊፕስ በጥቅምት መጨረሻ ፍርድ ቤቱን ዘጋው። ጥር 1693 ላይ ሌላ ፍርድ ቤት የቀሩትን እስረኞች ዳኘ። ሰብሳቢው ያው ስቶተን ነው። ሕዝቡም ያው ነው፤ ጦርነቱም አላቆመም። የተለወጠው የአምሳያ ማስረጃ አለመቆጠሩ ነው። ከብዙዎቹ ተከሳሾች የተፈረደባቸው ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነሱንም ፊፕስ አዳናቸው።

ከዳኞቹ ሳሙኤል ሲዎል በ1697 በአደባባይ ቆሞ ጥፋቱን አምኗል፤ በጉባኤ ፊት ጽሑፉ ሲነበብ ቆሞ ሰማ። ስቶተን ይቅርታ አልጠየቀም። በ1711 ቅኝ ግዛቱ ለተጎጂ ቤተሰቦች ካሣ ከፈለ።

ያዙልኝ ያልኩት ዊልያም ጉድ በ1710 የካሣ ማመልከቻ ጽፎ ነበር። ሚስቱ ተሰቅላለች። የምታጠባው ሕፃን ከእሷ አስቀድሞ እስር ቤት ሞቷል። ሌላዋ ልጅ ዶርቲ አራት ወይም አምስት ዓመቷ ነበር፤ እሷም ጠንቋይ ተብላ ሰባት ስምንት ወር ታስራለች። በሰንሰለት። አባትየው እንደጻፈው ልጅቱ ከዚያ ወዲህ ራሷን መምራት አልቻለችም፤ የሚጠብቃትና የሚያኖራት ሰው ትፈልጋለች። ማመልከቻው ሲገባ ዕድሜዋ ከሃያ አልፎ ነበር። ሠላሳ ፓውንድ ተፈቀደለት።